«በሩ ክፍት ነው» ሲባል ምን ማለት ነው? ስለ አሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የመግቢያ መስፈርት

ባለፈው ወር ከክፍል ስንወጣ አንድ የፎርም ፎር ተማሪ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ አሜሪካ ውስጥ ያለ ውጤት የሚቀበል ኮሌጅ አለ ይባላል፤ እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። መልሴን ሳይጠብቅም፣ «እንደዚያ ከሆነ ለፈተናው እንዲህ መድከሙ ምን ያደርግልናል?» አለ።

በዚያው ሳምንት አንዲት እናት በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ወረቀቱን የሰጣቸው ሰው ለልጃቸው ኮሌጅ ውስጥ ቦታ እንደያዘላቸው ነግሯቸው፣ ከዘመድ የተላከላቸውን ገንዘብ ተቀብሏቸዋል። «እስቲ አንብብልኝ ልጄ፣ ቪዛው የቱ ጋ ነው ያለው?» አሉኝ። ወረቀቱ ግን ቪዛ ቀርቶ የመግቢያ ደብዳቤም አልነበረም። ማንም ሰው በነፃ ሊሞላው የሚችል ባዶ የማመልከቻ ቅጽ ነበር።

የእኚህን እናት ገንዘብ ማስመለስ አልቻልንም። ሌላው ቤተሰብ በተመሳሳይ መንገድ እንዳይታለል፣ ተማሪዎቻችንም ነገሩን በትክክል እንዲረዱት በማሰብ ግን በዚህ እትም ስለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የመግቢያ ሁኔታ እንጽፋለን። ወላጆችም ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እንድታነቡት አደራ እንላለን።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ይህ ጽሑፍ ወደ አሜሪካ መሄጃ መንገድን አያመለክትም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የስደተኞች ሠፈራ ፕሮግራሙን አግዷል። ለ2026 የበጀት ዓመት የተወሰነው ጠቅላላ ቁጥርም 7,500 ሰው ብቻ ሲሆን፣ አብዛኛው ለደቡብ አፍሪካ ነጮች የተመደበ ነው። ከመካከላችሁ ለዓመታት ሲጠባበቁ ቆይተው ጉዳያቸው የቆመባቸው ብዙዎች እንዳሉ እናውቃለን። ታዲያ ይህን ለምን እንጽፋለን? አንደኛ፣ በርካታ የካምፓችን ነዋሪዎች ቀደም ብለው የሄዱ ልጆች፣ ወንድሞችና እህቶች አሏቸው፤ እነሱም በየጊዜው ምክር ይጠይቃሉ። ሁለተኛ፣ ሰው ዕድሉ የሚከፈትለት መቼና በየት በኩል እንደሆነ አያውቅም። ሦስተኛ፣ ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው ማስረጃዎች በየትም አገር የሚጠየቁ ናቸው። ዛሬ ከጠፉ ነገ ማግኘት ይከብዳል።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ምንድን ነው?

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ማለት የአንድን አካባቢ ሕዝብ እንዲያገለግል የተቋቋመ፣ በአብዛኛው የሁለት ዓመት ትምህርት የሚሰጥ የመንግሥት ኮሌጅ ነው። እስከ ዛሬ ከዘለቁት መካከል አንጋፋው በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት የሚገኘው የጆሊየት ጁኒየር ኮሌጅ ሲሆን፣ የተመሠረተውም እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። ኮሌጆቹ በስፋት የተስፋፉት ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጣው ሪፖርት፣ የድሃም የሀብታምም ልጅ ከቤቱ ሳይርቅ እንዲማር እንዲህ ያሉ ኮሌጆች በየአካባቢው እንዲከፈቱ ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ በአገሪቱ አንድ ሺህ ያህል ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ይገኛሉ።

በነዚህ ኮሌጆች በአመዛኙ ሦስት ዓይነት ትምህርት ይሰጣል። የመጀመሪያው በጥቂት ወራት ወይም በአንድ ዓመት የሚያልቅና በሰርተፊኬት የሚደመደም የሙያ ትምህርት ነው። ብየዳ፣ የመኪና ጥገና፣ የሂሳብ አያያዝ፣ የሕሙማን ረዳትነትና የመሳሰሉት በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ሁለተኛው 60 ክሬዲት ያህል ተጠናቆ አሶሲዬት ዲግሪ የሚያሰጠው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ለአዋቂዎች የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ቋንቋና የመሠረታዊ ትምህርት ነው።

ክሬዲት የሚለውን ቃል ለማያውቁ ወላጆች፣ አንድ ክሬዲት በአንድ ሴሚስተር ውስጥ በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል ክፍል ውስጥ መማር ማለት ነው። ለእያንዳንዱ የክፍል ሰዓት ደግሞ ሁለት ሰዓት ያህል ቤት ውስጥ ማጥናት ይጠበቃል። በሴሚስተር 12 ክሬዲትና ከዚያ በላይ የሚወስድ ተማሪ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ይባላል። አሶሲዬት ዲግሪውን የያዘ ተማሪ ኮርሶቹን በሚገባ መርጦ ከሆነ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ በቀሪዎቹ ሁለት ዓመታት የባችለር ዲግሪ ሊይዝ ይችላል።

ማንን ይቀበላል?

አሁን ወደ ተማሪያችን ጥያቄ እንምጣ። ኮሌጁ «በሩ ክፍት ነው» ሲባል፣ አመልካቾችን በውጤት አወዳድሮ አንዱን ጥሎ ሌላውን አያነሣም ማለት ነው። ይሁን እንጂ መስፈርት የለውም ማለት አይደለም።

ለምሳሌ ያህል ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ የሚገኘውን የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እንውሰድ። ሰዎች በአጭሩ ኖቫ ይሉታል። ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን፣ ዛሬ በአሌክሳንድሪያ፣ በአናንዴል፣ በላውደን፣ በማናሳስ፣ በውድብሪጅና በስፕሪንግፊልድ ስድስት ካምፓሶች አሉት። በቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ደንብ መሠረት ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቀ፣ ወይም ከዚያ ጋር እኩል የሆነ ምስክር ወረቀት ያለው፣ ወይም ዕድሜው 18 ሆኖ ከትምህርቱ ሊጠቀም የሚችል ሰው መግባት ይችላል። በካሊፎርኒያም ደንቡ ተመሳሳይ ነው። ያ ተማሪ የሰማው ወሬ እንግዲህ እስከዚህ ድረስ እውነት ነው።

«እኩል የሆነ ምስክር ወረቀት» የተባለው በዋነኛነት ጂ.ኢ.ዲ. የሚባለው ፈተና ነው። ይህ ፈተና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1942 በጦርነቱ ምክንያት ትምህርታቸውን ላቋረጡ ወታደሮች ነበር። አሁን በሂሳብ፣ በቋንቋ፣ በሳይንስና በማኅበራዊ ሳይንስ በአራት ክፍል ይሰጣል፤ ለማለፍም በእያንዳንዱ 145 ነጥብ ማግኘት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። በአገር ቤት 12ኛ ክፍልን ወይም እዚህ ፎርም ፎርን የጨረሰ ሰው ማስረጃው በእጁ ካለ፣ ጂ.ኢ.ዲ. ልፈተን ብሎ ዓመት ከማጥፋቱ በፊት ያለውን ማስረጃ ማስገምገም ይገባዋል። የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃን መርምረው በአሜሪካ ከየትኛው ደረጃ ጋር እንደሚመጣጠን የሚገልጹ ድርጅቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው ወርልድ ኢዱኬሽን ሰርቪስስ አንዱ ነው። የሚቀበሏቸው ድርጅቶች ከኮሌጅ ኮሌጅ ሊለያዩ ስለሚችሉ ክፍያ ከመፈጸም በፊት ኮሌጁን መጠየቅ ይበጃል።

ዕድሜው 18 ወይም 19 ሆኖ ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርስ የሄደ ወጣትም ወዲያው ወደ ኮሌጅ መሮጥ የለበትም። በብዙ ክፍላተ ግዛቶች እስከ 20 ወይም 21 ዓመት ድረስ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በነፃ መማር ይቻላል። ነፃውን ዕድል ሳይጠቀሙ ማለፍ በኋላ ይቆጫል።

ምን ምን ይጠየቃል?

ዝርዝሩ እንደየኮሌጁ ሊለያይ ቢችልም በአብዛኛው የሚከተሉት ይጠየቃሉ።

ሀ) ማመልከቻ። በብዙዎቹ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ማመልከቻ መሙላት ምንም ገንዘብ አያስከፍልም፤ የኖቫም የካሊፎርኒያ ኮሌጆችም በነፃ ነው።

ለ) የማንነትና የመኖሪያ ፈቃድ ማስረጃ። በስደተኝነት ተቀባይነት አግኝቶ የገባ ሰው ሲገባ የሚያገኘው አይ-94 የሚባለው የመግቢያ መዝገብ ስደተኛ መሆኑን ያመለክታል። ይህ ወረቀት ለኮሌጅም ለሌላውም ጉዳይ ቁልፍ ነው።

ሐ) የነዋሪነት ማስረጃ። ክፍያው የሚወሰነው ተማሪው የዚያ ክፍለ ግዛት ነዋሪ በመሆኑና ባለመሆኑ ሲሆን፣ ነዋሪ ያልሆነ ሰው የሚከፍለው እጅግ ከፍ ያለ ነው። በቨርጂኒያና በሌሎችም ብዙ ክፍላተ ግዛቶች ነዋሪ ለመባል አንድ ዓመት መኖር ይጠይቃል። አንዳንዶቹ ስደተኞችን ከዚህ ነፃ ያደርጋሉ፤ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ መጀመሪያ በዚያ ለሠፈሩ ስደተኞች ይህን ፈቅዳለች። ስለዚህ የቤት ኪራይ ውልን፣ የመብራት ደረሰኝንና በስም የመጣ ደብዳቤን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስቀመጥ ነው።

መ) የትምህርት ማስረጃ። ትራንስክሪፕት፣ የብሔራዊ ፈተና ውጤትና የማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት።

ሠ) የክትባት ማስረጃ። በተለይ የኩፍኝ ክትባት በብዙ ቦታ ይጠየቃል። በጤና ጣቢያችን የተሰጣችሁን ካርድ አትጣሉ።

ረ) የምደባ ፈተና። ይህ እንደ ማትሪክ የሚያሳልፍና የሚጥል ፈተና አይደለም። ተማሪው በእንግሊዝኛና በሂሳብ ከየትኛው ደረጃ መጀመር እንዳለበት የሚለይ ነው። ሆኖም «አይጥለኝም» ተብሎ ሳይዘጋጁ ቢገቡበት ዋጋ ያስከፍላል። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘ ሰው ለዲግሪው በማይቆጠሩ የማጠናከሪያ ኮርሶች አንድ ሁለት ሴሚስተር ሊያሳልፍ፣ ገንዘቡንም ሊጨርስ ይችላል። ብዙ ተማሪዎች በነዚህ ኮርሶች ላይ ተስፋ ቆርጠው እንደሚቀሩ በመታየቱ፣ እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ክፍላተ ግዛቶች ምደባው ከፈተና ይልቅ በሁለተኛ ደረጃ ውጤት ላይ እንዲመሠረት ሕግ አውጥተዋል። ይህም ማለት ዛሬ እዚህ የምታመጡት የሂሳብና የእንግሊዝኛ ውጤት ኋላ ይከተላችኋል ማለት ነው።

ስምና ዘመን

ከዚህ ካምፕ ወጥተው ኮሌጅ የገቡ ልጆች በብዛት የሚቸገሩት በትምህርቱ ከባድነት ብቻ አይደለም፤ በስምና በዘመን አለመጣጣምም ነው።

እኛ የራስን ስም፣ ቀጥሎ የአባትን፣ ቀጥሎ የአያትን ስም እንጽፋለን። በዚያ አገር ግን የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ይያዛል። በአንዱ ወረቀት ላይ በአባቱ፣ በሌላው በአያቱ ስም የተመዘገበ ልጅ ሁለት ሰው ይሆናል። እንደ «ፀሐይ» ወይም «ጽጌ» ያሉት ስሞችም በላቲን ፊደል ሲጻፉ አንዱ ጸሐፊ በሁለት ፊደል የጀመረውን ሌላው በአንድ ፊደል ይጀምረዋል። ስለዚህ በራሽን ካርዳችሁ፣ በትምህርት ቤት መዝገብና በፈተና ምዝገባ ላይ ስማችሁ አንድ ዓይነት መሆኑን አሁኑኑ አረጋግጡ።

የዘመን አቆጣጠራችን ጉዳይም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የተወለደች አንዲት ልጅ በአገር ቤት 12ኛ ክፍልን በ2010 ዓ.ም. ጨረሰች እንበል። ምስክር ወረቀቷ 2010 ብቻ የሚል ከሆነ፣ የውጭው አንባቢ በ10 ዓመቷ ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሰች አድርጎ ያያታል፤ ወረቀቱንም ሐሰተኛ ነው ብሎ ሊጠረጥር ይችላል። እውነቱ ግን የጨረሰችው እ.ኤ.አ. በ2018፣ በ18 ዓመቷ ነው። ማስረጃ ስታስተረጉሙም ሆነ ቅጽ ስትሞሉ የሁለቱም አቆጣጠር ቀን መጻፉን ተከታተሉ።

ክፍት ያልሆኑ በሮች

አንደኛ፣ ኮሌጁ ክፍት ቢሆንም በውስጡ ያሉት ትምህርቶች ሁሉ ክፍት አይደሉም። ነርስነት፣ ራጅ ማንሣት፣ የጥርስ ንጽሕና ባለሙያነትና የመሳሰሉት ቦታቸው የተወሰነ ስለሆነ ውድድር አለባቸው። ነርስ መሆን የሚፈልግ ተማሪ አስቀድሞ እንደ ባዮሎጂ ያሉ ኮርሶችን በጥሩ ውጤት ማለፍ ይኖርበታል። ሲመረቅም ለሥራ ፈቃድ ብሔራዊ ፈተና ይጠብቀዋል።

ሁለተኛ፣ መቀበልና ቪዛ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የኮሌጁ በር ክፍት የሆነው እዚያ ለሚኖረው ሕዝብ ነው። ከውጭ አገር በተማሪ ቪዛ የሚሄድ ሰው በኮሌጁ የሚሰጠውን አይ-20 የተባለውን ቅጽ፣ ለትምህርቱና ለኑሮው የሚበቃ ገንዘብ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ፣ የጉዞ ሰነድና የኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ያስፈልገዋል። በቃለ መጠይቁም ትምህርቱን ሲጨርስ እንደሚመለስ ማሳመን አለበት። የሚከፍለውም እንደ ነዋሪ አይደለም፤ የፌዴራል መንግሥት ዕርዳታም አያገኝም። ወላጆች ሆይ፣ «ኮሌጅ ተቀብሎታልና ቪዛው በቅርቡ ይመጣል» የሚላችሁን ሰው አትመኑ። ለማመልከቻ ቅጽ ገንዘብ የሚጠይቅም ቢመጣ መጀመሪያ ወደ ትምህርት ቤቱ መጥታችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ መግባትና የገንዘብ ዕርዳታ ማግኘትም የተለያዩ ናቸው። ዕድሜው 18 ስለሆነ ብቻ ያለ ምስክር ወረቀት የገባ ሰው፣ ከተወሰኑ የሙያ መርሐ ግብሮች በስተቀር የፌዴራል ዕርዳታ አያገኝም። ለዕርዳታው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ወይም ጂ.ኢ.ዲ. ያስፈልጋል። ወረቀት የሌለው ሰው በሩን አልፎ ክፍያው ላይ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ገንዘብ

ዋነኛው ዕርዳታ ፔል ግራንት ይባላል። ብድር ስላልሆነ በደንቡ መሠረት የተማረበት ሰው አይመልሰውም። ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነው። የሚጠየቀው ፋፍሳ በሚባለው ቅጽ ሲሆን፣ በቅጹ ስም ውስጥ «ነፃ» የሚል ቃል አለበት፤ ለማስሞላት ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም። በስደተኝነት የተመዘገበ ነዋሪም ማመልከት ይችላል። ሕጉ በየጊዜው የሚሻሻል ስለሆነ ግን በየዓመቱ ከኮሌጁ የገንዘብ ዕርዳታ ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ዕርዳታው ገደብ አለው። አንድ ሰው በዕድሜው ሊያገኘው የሚችለው በሙሉ ጊዜ ተማሪነት ለ12 ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው። ኮርስ እየጀመሩ መተውና መውደቅም ዕርዳታውን ያሳጣል። ስለዚህ እንግሊዝኛው ገና የሆነ ሰው መጀመሪያ ክፍያ በሌለው ወይም አነስተኛ በሆነው የአዋቂዎች ቋንቋ ክፍል ቢጠነክር ፔሉን ለዲግሪው ያተርፈዋል።

አሁን፣ እዚሁ ሆነን ምን እናድርግ?

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኛም ወረቀታችንን በመያዝ በኩል እንደ ሞኙ እንሁን።

1. የየተርሙን ሪፖርት ካርድ አንድም ሳይቀር አስቀምጡ። ከአገር ቤት የመጣ የ8ኛ፣ የ10ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ካለም ከዚያው ጋር ይሁን።

2. ፎርም ፎርን የጨረሳችሁ የውጤት ወረቀት ብቻ ይዛችሁ አትቅሩ። ዋናው ሰርተፊኬት ሲደርስ ከትምህርት ቤቱ መጥታችሁ ውሰዱ። ሳይወሰድ በመደርደሪያ ላይ የሚከርም ብዙ ነው።

3. ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ወደ ራሳችሁ ኢሜይልና ወደ አንድ የምታምኑት ዘመድ ላኩ። ቤት ቢቃጠል ወይም ጎርፍ ቢገባ ኮፒው ይተርፋል። ዋናውን ወረቀት ግን ለማንም «ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ» ባይ አትስጡ።

4. የተማራችሁበት ትምህርት ቤት የተዘጋ ወይም ሰነዱ የጠፋ ከሆነ፣ የትምህርት ቤቱን ስም፣ ከተማውን፣ የገባችሁበትንና የለቀቃችሁበትን ዓመት፣ የርእሰ መምህሩንም ስም ሳትረሱት በወረቀት ላይ ጻፉት። ማስረጃ ለማፈላለግ መነሻ ይሆናል።

5. ሂሳብና እንግሊዝኛን አጥብቃችሁ ያዙ። የትኛውም በር ቢከፈት ከበሩ ጀርባ የሚጠብቋችሁ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ለጥያቄው መልስ

ለዚያ የፎርም ፎር ተማሪ የሰጠሁትን መልስ ለሁላችሁም ልድገመው። አዎን፣ በውጤት ሳያወዳድር የሚቀበል ኮሌጅ አለ። ነገር ግን ክፍት የሆነው መግቢያው ነው፤ መውጫው ክፍት አይደለም። ተመርቆ ለመውጣት እያንዳንዱን ኮርስ ማለፍ፣ በአማካይም ቢያንስ ሲ ማምጣት ያስፈልጋል። ከሚገቡት መካከል ብዙዎቹ ሳይጨርሱ ይቀራሉ። አብዛኛው ተማሪ ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር፣ ቤተሰብ የሚረዳ ነው። እዚህ በኩራዝ ብርሃን ማጥናት የለመደ ልጅ እዚያ ከሥራ ገብቶ እኩለ ሌሊት ላይ መጽሐፍ መግለጥ አያቅተውም። እዚህ ያልለመደው ግን እዚያ በድንገት አይጀምረውም። ድካሙ ምን ያደርግልናል ላለው፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶቻችን መልሰውለታል።

እኚያ እናትም ሰሞኑን ተመልሰው መጥተው ነበር። ያው ፕላስቲክ በእጃቸው አለ። ሲፈቱት ግን ያ ባዶ ቅጽ አልነበረም፤ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ያለው የልጃቸው ሪፖርት ካርድ በቅደም ተከተል ታጥፎ ተቀምጧል። «የአምስተኛ ክፍል ሁለተኛው ተርም ጎድሎኛል፤ መዝገቡ ቤት ይገኝ ይሆን?» አሉኝ። ፈልገን አገኘንላቸው።

የእናንተም የጎደለ ካለ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ መዝገብ ቤቱ ብቅ በሉ። ቸር ይግጠመን።